ውርጩ እስኪያልፍ

ባለፈው ኅዳር፣ በአጥር የምንጎራበት ወጣት ነርስ ገና ፀሐይ ሳትሞቅ በሬን አንኳኳች። በእጇ የቲማቲም ቅርንጫፍ ይዛለች። ትናንት አረንጓዴ የነበረው ቅጠል የፈላ ውሃ የፈሰሰበት ይመስል ጠቁሮ ተንጠልጥሏል።

«እማማ ስንዱ፣ ይሄ ምን ዓይነት በሽታ ነው? መድኃኒት ይኖረዋል?» አለችኝ።

ከቆላ የመጣች ልጅ ናት። ሞጣን ገና አልለመደቻትም። ቅጠሉን በጣቶቼ መካከል ሳሸው የታፈነ ሣር የሚመስል ሽታ ወጣው፤ ያ ሽታ ወደ ብቸና፣ ወደ አባቴ ጓሮ መልሶ ወሰደኝ። «በሽታ አይደለም ልጄ፣ ውርጭ ነው። ግቢና አንድ ነገር ቅመሺ» አልኳት። እሷ ወደ ሥራዋ ከሄደች በኋላ እኔ እዚያው ደጃፌ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ ብዙ ቆየሁ።

ጊዜው የጃንሆይ መንግሥት ሊያበቃ የተቃረበበት ነበር፤ መቃረቡን ግን ያን ጊዜ ማን ያውቃል? እኔ ሃያ ዓመት አልፎኝ፣ ሞጣ ላይ የተዳርኩለትን ባል ትቼ ወደ አባቴ ቤት ብቸና ተመልሻለሁ። ባሌ እጁ ለዱላ የሚፈጥን ሰው ነበር። ብዙ ቻልኩ፤ አንድ ቀን ጠዋት ግን መቻሉ አለቀብኝና ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። ያን ዕለት የደረሱልኝ ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ናቸው። ጨው፣ ላምባና አቡጀዲ የሚሸጡበት ሱቅ ነበራቸው። ፊቴን አዩት። ወደ ደጀን የሚወርድ የጭነት መኪና አስቁመው፣ «ይህችን ልጅ ብቸና አድርሳት፤ እህቴ ናት» አሉት ሾፌሩን። ልንነሳ ስንል ደግሞ ወደ ሱቃቸው ሮጠው ገቡና በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዘው ወጡ።

«የአትክልት ዘር ነው» አሉኝ። «አስተማሪዎቹ ከአዲስ አበባ አስመጥተውት ሳይዘሩት ተቀየሩ። አዲሶቹም ቲማቲም፣ ሰላጣ፣ ጥቅል ጎመን እያሉ ሱቄ አላስቀምጥ ብለውኛል። እናንተ ጓሮ ወንዝ አለ ብለሽኝ አልነበር? ዝሪው። ካበቀልሽ እኔ እሸጥልሻለሁ፣ ወላሂ!»

አባቴ መሪጌታ ይትባረክ የቅኔ መምህር ነበሩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በር ላይ ሲያዩኝ «ግቢ» ብቻ አሉኝ። ለምን መጣሽ አላሉኝም፤ ያንን እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ነገር ግን በዚያ ዘመን ፈት ሴት በአባቷ ቤት እንግዳ ናት። ዘመድ ሁሉ «መቼ ነው የምትዳሪው?» የሚል ጥያቄ እንጂ ሌላ ሰላምታ አልነበረውም።

የቤታችን ጓሮ ከቤቱ ግድግዳ ሥር ይጀምርና እየተንሸራተተ እስከ ወንዙ ይወርዳል። ላይኛው ክፍል እናቴ በድንጋይ ያስካበችው ጠባብ እርከን ነው። ታችኛው ረባዳ፣ ጥቁር አፈር፣ ውሃውም በእጅ የሚደረስበት። ማንም ሰው ቢጠየቅ ለአትክልት የሚመርጠው ታችኛውን ነው፤ እኔም እሱን መረጥኩ። በመስከረም፣ ዝናቡ እየሳሳ አደይ አበባው ሲፈካ፣ ቆፍሬ መደብ አወጣሁና ዘሩን ግማሹን ዘራሁት፤ ቲማቲም፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር። ግማሹን ለምን እንዳስቀረሁት አላውቅም። ምናልባት ከአንድ ትዳር የወጣ ሰው ያለውን ሁሉ አንድ ቦታ አያፈስም።

ቲማቲሙ አማረ። በጥቅምት አበበ፤ በኅዳር መጀመሪያ ትናንሽ አረንጓዴ ፍሬ ያዘ። ማለዳ እየተነሳሁ አንድ በአንድ እነካካው ነበር። የኅዳር ሚካኤል አለፈ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ወንዙ ስወርድ ሣሩ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነጥቷል። ሲረግጡት እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ደስ አለኝ እንኳ፤ ያምር ነበር። ፀሐይዋ ወጥታ መደቡን ስትነካው ግን ቲማቲሙ ዓይኔ እያየ ጠቆረ። አንድም አልተረፈ።

አባዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መደቡ ዳር ተቀምጬ አገኙኝ። በመቋሚያቸው አንዱን ግንድ ገፋ አደረጉትና፣ «ስንዱ ብዬ ስም ያወጣሁልሽ በከንቱ ነው» አሉ። «ሳትሰናጂ ትቀድሚያለሽ።»

ቀጥለውም ያልጠበቅኩትን ነገሩኝ። በሮብ ገበያ በኩል ሚስቱ የሞተችበት አንድ ባለጸጋ ሽማግሌዎች ልኳል። በጥር፣ ጾም ከመግባቱ በፊት ሰርጉ ይሁን ይላል።

«አባዬ፣ እስከ ፋሲካ ይታገሡኝ» አልኩ።

«እስከ ፋሲካ ምን ይመጣል?»

«በሥራዬ ራሴን እችላለሁ።»

«በዚህ ነው የምትችይው?» የጠቆረውን መደብ አሳዩኝ። «ውርጩንስ ማን ይከለክልልሻል?»

«ማንም አይከለክልልኝም። መቼ መጥቶ መቼ እንደሚሄድ ካወቅኩ ግን መንገድ ላይ አልገናኘውም።»

አባዬ የቅኔ ሰው ናቸውና ያማረ ንግግር ሲሰሙ ቁጣቸው ይበርድ ነበር። እሺም እምቢም ሳይሉ ገቡ። እኔ እሺታ ነው ብዬ ወሰድኩት።

ያን ዕለት አንድ ነገር አስተዋልኩ። ቲማቲሙ ተቃጥሎ አጠገቡ ያለው ጥቅል ጎመን ግን ምንም አልሆነም። እንዲያውም ቅጠሉ ጠንክሮ፣ ላዩ ላይ የነበረው ውርጭ ሲቀልጥ ታጥቦ የወጣ ይመስል ነበር። ካሮቱም፣ ቀይ ሥሩም ደህና ናቸው። ስለዚህ ውርጭ የሚጠላው ሁሉን አይደለም። እሱን የሚችለው ታች ይሁን፤ የማይችለው ደግሞ እሱ ከሄደ በኋላ ይተከል። ሐሳቡ ይኸው ነበር። የጎደለኝ የሚሄድበትን ቀን ማወቅ ነው።

ሰው ጠየቅኩ። ከወንዙ ዳር ከእኛ ጋር የሚዋሰኑት አያ ጫኔ ድንች የሚያለሙ ደግ ሽማግሌ ነበሩ። «ውርጭ በሚካኤል ይገባል፣ በገና ይወጣል፤ ዕድሜ ልኬን ያየሁት ነው» አሉኝ። ምንጭ ላይ ያገኘኋት ሴት «ጥምቀት ሳያልፍ ምን ታምኚዋለሽ!» አለች። ሌላው ደግሞ ጥር እስኪወጣ አለ። ሦስቱም አልዋሹም፤ ሦስቱም የየራሳቸውን እርሻ ነው የነገሩኝ። የእኔን ጓሮ የሚነግረኝ ግን አልነበረም።

ስለዚህ ራሱን ጓሮውን ልጠይቀው ወሰንኩ። ማታ ማታ በቆርቆሮ ሳህን ውሃ እየቀዳሁ አንዱን ወንዙ ዳር፣ አንዱን መሐል፣ አንዱን ላይኛው እርከን ላይ ማኖር ጀመርኩ። ጎህ ሲቀድ ተነስቼ አያለሁ። ውሃው በረዶ ከያዘ ውርጭ ነበር ማለት ነው። ቀኑን በታቦት አስታውሰዋለሁ፤ በጽዮን ማርያም ሦስቱም ረጉ፣ በገብርኤል ታችኛውና መሐለኛው ረጉ፣ እያልኩ። ከአባቴ ቤት ያደገ ሰው ቀን አይጠፋበትም።

የታኅሣሥ ማለዳ የብቸና ብርድ አጥንት ይገባል። እጄ ተሰነጣጠቀ፤ ቅቤ እየቀባሁ እተኛለሁ። እጄ ግን ምንም አይደል፣ የሰው አፍ ነው የከበደኝ። ፈት ሴት በየማታው በየቦታው ውሃ ታኖራለች፣ በየንጋቱ እያጎነበሰች ታያለች። ምን ሊባል ነው? «ለዛር ነው የምታኖረው» ተባለ። «የሞጣ ባሏን ልታሳብድ ድግምት ይዛ ነው» ያሉም አሉ። ወሬው ዞሮ ዞሮ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ አባቴ ጆሮ ገባ።

አንድ ማለዳ ታችኛው ሳህን ላይ አጎንብሼ ሳለ ከኋላዬ የመቋሚያ ድምፅ ሰማሁ። አባዬ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ቆመዋል።

«ለማን ነው ይሄ ውሃ?» አሉ። «እኔ በመምህርነቴ የሰው ልጅ አስተምራለሁ። የኔ ልጅ በደጄ ለጋኔን ትገብራለች ተብዬ ልሙት?»

«ይንኩት፣ አባዬ» አልኩ።

«ምኑን?»

«ውሃውን። እባክዎ ይንኩት።»

እያመነቱ ጎንበስ አሉና በጣታቸው ነኩት። ጣታቸው አልሰመጠም። ጫን አደረጉት፤ በረዶው እንደ ስስ መስተዋት ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ይዣቸው ወደ መሐለኛው ወጣሁ፤ እሱም ረግቷል፣ ግን ስስ ነው። ወደ ላይኛው እርከን ወጣን። እዚያ ውሃው አልረጋም። የንጋቱን ሰማይ ይዞ ይወዛወዛል።

አባዬ ረጅም ጊዜ ወደ ታች ወንዙን፣ ወደ ላይ ግድግዳውን እያዩ ቆሙ። «እንግዲያው ብርዱም እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «እናትሽ ጌሾዋን እዚህ ላይ የምትተክለው በከንቱ አልነበረም» አሉ። ከሞተች ወዲህ ስለ እናቴ ሲናገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኋቸው ያን ቀን ነው።

የሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ምን እንዳሉ እኔ አልሰማሁም። አያ ጫኔ ናቸው የነገሩኝ፤ «ልጄ ብርድ ትመዝናለች፣ ሰው መመዘን የሚወድ ወደ ራሱ ይመልከት» ብለው ሕዝቡን ጸጥ አደረጉት አሉኝ። ወሬው በአንድ ቀን ባይጠፋም ከዚያ ወዲያ በሹክሹክታ ሆነ።

ያስቀረሁትን የቲማቲም ዘር በታኅሣሥ ከቤቱ ግድግዳ ሥር፣ ፀሐይ በምትመታበት በኩል ለችግኝ አፈላሁት። ማታ በጭድ እሸፍነዋለሁ፣ ጠዋት እገልጠዋለሁ። ገና መጣ፤ አያ ጫኔ በማግስቱ ድንቻቸውን ወንዙ ዳር ተከሉ። ችግኞቼን አይተው፣ «ምን ትጠብቂያለሽ? ውርጩ ሄደ እኮ!» አሉኝ።

«ትናንት ጠዋት ሳህኔ ረግቶ ነበር፣ አያ ጫኔ። እርስዎም ትንሽ ይቆዩ።»

«ሳህንሽ ወጣት ነው» ብለው ሳቁ። በክፋት አልነበረም።

መጠበቅ ቀላል ይመስላል። እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የሚመስለው ሰው አለ። እኔ ግን ችግኙ ከመደቡ እያለፈ፣ ጥር እየገባ፣ የሰርጉ ወራት በየመንደሩ ከበሮ እያሰማ እንደዚያ ዘመን የደከምኩበት ጊዜ የለም። የጥር ሥላሴ ዕለት ታችኛውና መሐለኛው እንደገና ረጉ። ላይኛው ግን ገብርኤል ካለፈ ወዲህ አንድ ቀን አልረጋም። ጥምቀትን አሳልፌ፣ ታቦቱ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ቲማቲሙን ሁሉ ላይኛው እርከን ላይ ተከልኩት።

እርከኑ ከውርጭ ይሰውራል፤ ውሃ ግን የለውም። ከወንዙ በገንቦ እየቀዳሁ ያንን ዳገት ጠዋትና ማታ እመላለስ ጀመር። ጀርባዬ የገንቦውን ቂጥ ቅርጽ ያዘ። እግሬ ሲደክም ቆም እልና ወደ ሮብ ገበያ በኩል ያለውን ተራራ አይ ነበር። ከዚያ በኋላ ሳላርፍ ነው የምወጣው።

ሽማግሌዎቹ መልስ ሊቀበሉ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። እኔ ጓዳ ሆኜ ጠላ እየቀዳሁ እሰማለሁ። አባዬ «እስከ ፋሲካ አትደርስም» አሏቸው።

«ምን ሆና ነው መሪጌታ?» አለ አንደኛው።

«ተክላለች።»

«ጎመን ነው የተከለችው አሉን!» ሰውዬው ሳቀ። «ጎመን ትዳር ይሆናል?»

«ጎመን ትዳር አይሆንም» አሉ አባዬ በዝግታ። «የተከለ ሰው ግን እስኪያፈራ ይጠበቃል። ገበሬዎች ናችሁ፤ ይሄን እኔ አልነግራችሁም።»

ጠላቸውን ጠጥተው ሄዱ። ባለጸጋው እስከ ፋሲካ አልጠበቀም፤ ቅበላ ሳይደርስ ሌላ አገባ አሉ። አባዬ ግን በዚያው ማታ፣ «እኔ የገዛሁልሽ ጊዜ ነው እንጂ ነፃነት አይደለም። ፋሲካ ላይ ባዶ እጅሽን ካየሁሽ ለሚቀጥለው እምቢ አልልም» አሉኝ። የተናገሩትን የማያጥፉ ሰው ነበሩ።

የአስተርዮ ማርያም ዋዜማ አመሻሹ ላይ ነፋሱ በድንገት ቆመ። ሰማዩ አንድ ደመና የሌለው፣ ጥርት ያለ። እጄን ወደ መሬት ሳወርድ አፈሩ ሙቀቱን እየለቀቀ እንደሆነ ታወቀኝ። ወደ አያ ጫኔ አጥር ሄጄ ጮህኩ፤ «አያ ጫኔ፣ ድንቹን ጭድ ያልብሱት!» እሳቸው ከብት እያስገቡ ነበር። «በጥር ማርያም ውርጭ? ተኚ ልጄ!» አሉኝ። ጭድ ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣ ሌላ እጅ ከላይ ተቀበለኝ። አባዬ ናቸው፤ ለማኅሌት ከመሄዳቸው በፊት ጋቢያቸውን አጣፍተው ጭዱን እየበተኑ ከእኔ ጋር ችግኝ ሲያለብሱ አመሹ።

ማለዳ ረባዳው ሁሉ ነጭ ነበር። የአያ ጫኔ የድንች ቡቃያ ረፋድ ላይ ጠቁሮ ተኛ። እኔ ጭዱን ረድፍ በረድፍ ገለጥኩ። በካቡ ጠርዝ ያለው የመጨረሻው ረድፍ ተመቷል፣ ጭዱ ስስ ሆኖበት ነው። የቀረው ግን አረንጓዴ ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ወደ ታች ሳይ አያ ጫኔ በማሳቸው መሐል ቆመው አየኋቸው፤ ደስታዬ በግማሽ ቀረ። በዓሉ ካለፈ በኋላ ካስቀረሁት ዘር ያፈላሁትን የጥቅል ጎመን ችግኝ ይዤላቸው ወረድኩ። «ይሄ ብርድ አይፈራም» አልኳቸው። እሳቸውም ከዚያ ወዲያ ወደ ላይ ውሃ ስሸከም ባዩኝ ቁጥር አንዱን ገንቦ ይቀበሉኝ ነበር።

ዐቢይ ጾም ገባ። ታችኛው መደብ ላይ ውርጩን ችሎ የቆየው ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር የደረሰው ልክ ሰው ሁሉ ሽሮ በሰለቸው ጊዜ ነው። በጆንያ ሞልቼ ከደጀን የሚመጣ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርኩ። በደብረ ወርቅ በኩል ያለው የጠጠር መንገድ አቧራው ሌላ ሰው ያደርጋል። ሞጣ ስደርስ እትዬ ዘይነባ መጀመሪያ አላወቁኝም። ካወቁኝ በኋላ ግን እየሳቁ በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ።

የባሌ መንደር ውስጥ፣ በዚያው ሱቅ በረንዳ፣ ጆንያዬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። አስተማሪዎቹ፣ የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ የአውራጃ ጽሕፈት ቤት ሰዎች መጡ። ጎመኑ ወዲያው አለቀ። ቀይ ሥሩን ግን የአገሩ ሰው «ደም ይመስላል፣ በጾም?» እያለ ይሸሸዋል። እትዬ ዘይነባ ቀቅለው፣ ከትፈው፣ በሎሚ አሽተው ለአላፊ አግዳሚው አስቀመሱ። እሱም አለቀ። ባሌ አንድ ጊዜ በማዶ በኩል ሲያልፍ አየኝ። ቆመ። እኔም ቀና ብዬ አየሁት፤ ዓይኔን አልሰበርኩም። መንገዱን ቀጠለ።

ቲማቲሙ መቅላት የጀመረው ሆሳዕና ሰሞን ነው። ለፋሲካ ለአባዬ በራሴ ገንዘብ በግ ገዛሁ። ቲማቲም ከትፌም አቀረብኩላቸው፤ ቀመሱና ፊታቸውን አኮማተሩ። «ለዚህ ኮምጣጣ ነው ዳገቱን ስትመላለሺ የከረምሽው?» አሉ። ግን ጨረሱት። አሸነፍሽ አላሉኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። በግንቦት ሌሎች ሽማግሌዎች ሲመጡ ግን ግድግዳው ሥር ካለው መደብ ሆኜ መልሳቸውን ሰማሁ፤ «እኔን ለምን ትጠይቁኛላችሁ? እዚያው ጓሮ አለች፤ ራሷን ጠይቋት» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ግራ ተጋብተው ወደ መደቡ መጡ። እጄ ጭቃ ነበር። በአክብሮት ተቀብዬ «አይሆንም» አልኳቸው።

በኋላ አግብቻለሁ፤ ከዓመታት በኋላ፣ መርጬ፣ ደግ ሰው። ልጆች ወልደን ሞጣ ላይ ኖረናል፤ ሁለት ዓመት ሆነው ካረፈ። ዛሬ ወጣቶቹ የዚያን ጊዜውን ታሪኬን ሲሰሙ፣ ወንድ ጠልቼ፣ ትዳር ጠልቼ የታገልኩ ይመስላቸዋል። አንዳንዶቹም በዚህ ያደንቁኛል፤ እኔ ግን አርማቸዋለሁ። ያን ዳገት ገንቦ ተሸክሜ የወጣሁት እንዳልጠየቅ አልነበረም። እምቢ ብዬም እንጀራዬን መብላት የምችል ሰው ሆኜ መጠየቅ ፈልጌ ነው። ኋላ እሺ ያልኩት እሺታም ለዚህ ይመስለኛል ሙሉ የሆነው።